አንቀጽ 88 እና ቀዩ በሬ

እማዋይሽ ባላጋራዋን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተረከበች። ስድሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ረጅም፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ይባላል። ደረቱ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ «የአሥራ ስምንት ዓመት የጠብ ልምድ» የሚል ተጽፎበታል።

«የጠቡን ዓይነት ይምረጡ» አለቻት የአከራዩ ድርጅት ጸሐፊ።

«ቶሎ የሚያልቀውን ስጪኝ።»

«ሰኞ ስለሆነ ብዙው ተይዟል። ውርስ የለም። የአጥር ድንበር የለም። የፈረሰ እጮኝነት ነበረን፤ አሁን ከፊትዎ የነበሩት ሴትዮ ወሰዱት። የቀረው ‹በሬህ ማሳዬን በላው› ብቻ ነው።»

እማዋይሽ በሬ አይታ አታውቅም። ማሳም አይታ አታውቅም። የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት፣ የውኃ ምርመራ ባለሙያ ናት፤ በዕድሜዋ በአካል ያየችው ትልቁ እንስሳ የጎረቤቷ ውሻ ነው።

«እኔ ከሳሽ ነኝ ተከሳሽ?»

«ከሳሽ። ማሳው የእርስዎ፣ በሬው የእሳቸው።»

«ይሁን። ብቻ ፍጠኚልኝ።»

ጸሐፊዋ የእማዋይሽን የነጠላ ጫፍ ከቢያድግልኝ የጋቢ ጫፍ ጋር ቋጠረችና ቋጠሮውን ገና ያልተረጋገጠ ጠብ በሚታተምበት ሰማያዊ ሰም አተመችው። ቢያድግልኝ መታወቂያውን ጋቢው ሥር ደበቀና ሁለቱ ተቆራኝተው ወጡ። ውጭ እንደ ሁልጊዜው ከተማው በሙሉ ሁለት ሁለት እየሆነ ተቋጥሮ፣ እየተሰዳደበ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር።

መደበኛ ፍርድ ቤቶች ከተዘጉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በተዘጉበት ዓመት ያልታየው መዝገብ ስድስት ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ያኔ ምሁራን ተሰብስበው የአባቶችን ሥርዓት አጥንተው እንዲያመጡ ታዘዙ። ምሁራኑ ሦስት ዓመት አገር ለአገር ዞረው ሽማግሌዎችን «ዱሮ ሰው ሲጣላ እንዴት ትዳኙ ነበር?» እያሉ ጠየቁ። ሽማግሌዎቹም «መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች ልብሳቸውን ይቋጠሩና ያገኙትን መንገደኛ ‹በሕግ አምላክ፣ ዳኘን› ይሉታል። እሱም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይሰማል፤ ይፈርዳል፤ ፈርዶ ይሄዳል» ብለው መለሱ። ጥያቄውም መልሱም በጣም ጥሩ ነበር።

ከዚያ ምሁራኑ ወደ ዋና ከተማው ተመለሱና ያቺን አንዲት ነገር ከአውሮፓ በመጣው ወፍራም የሕግ መጽሐፍ አሠራር መሠረት አርባ አንድ ንዑስ አንቀጽ አደረጓት። አንቀጽ 88 የምትባለው እሷ ናት። በእሷ መሠረት የተጠራ መንገደኛ ሳይፈርድ መሄድ አይችልም። ጭብጥ መያዝ፣ ማስረጃ መመዘን፣ ምክንያቱን በአራት ቅጂ ማስጻፍ አለበት። የዛፉ ጥላ ከስምንት ክንድ ማነስ የለበትም፤ ዛፍ በሌለበት ተንቀሳቃሽ ዋርካ ታዝዞ እስኪመጣ ይጠበቃል። ቀልጣፋ ሰው በአምስት ሰዓት ይፈርዳል። ጠንቃቃ የሆነ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ዓመት ዳቦ ሊገዙ ወጥተው በሳልስቱ የተመለሱ አባወራዎች ጥቂት አልነበሩም።

ሕዝቡ አንቀጹን በሙሉ አላነበበውም። ንዑስ አንቀጽ ሰባትን ግን በቃሉ ያውቀዋል፦ «ራሱ ከባላጋራው ጋር ተቆራኝቶ በክርክር ላይ ያለ ሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም።» ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ ሰው ከመንገድ ጠፋ። ባልና ሚስት ተያይዘው ሲወጡ በነጻ ይጣላሉ ተብሎ ነበር። ብዙዎቹ ግን ቄራ ሳይደርሱ ከልባቸው እየተጣሉ ስላስቸገሩ፣ ባላጋራ ማከራየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

እማዋይሽ የቸኮለችው ለቤት ነው። የቤት ዕጣ የተመዘገቡት እናቷ ናቸው፤ የተመዘገቡትም እሷ ሳትወለድ ነው። ዕጣው የወጣው እናቷ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት ሲሆን መብቱ ለእሷ ተላልፏል። ሠላሳ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል። ባለዕጣው እስከ ሰኔ ሰባት ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ድረስ በዕጣ ቤቶች ማስረከቢያ ጽሕፈት ቤት በአካል ቀርቦ ካልፈረመ ቤቱ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ሰኔ ሰባት ዛሬ ነው። እስከ ትናንት ድረስ ያልሄደችው ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ሐሙስ ዕለት ባላጋራዋ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ጠፋ፣ ዓርብ የመጣው ደግሞ ፈሪ ነበር። ወንድሟና ሚስቱ በሚኖሩባት አንዲት ክፍል ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ መተኛት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። የወንድሟ ሚስት ደግሞ በእንቅልፍ ልቧ ትዘፍናለች።

«ጋሼ፣ በሬዎ ማሳዬን በላው» አለች እማዋይሽ መንገድ እንደጀመሩ።

ቢያድግልኝ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዙሪያውን አየና ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዲህ ተብሎ ይጣላል?» አላት። «ለጥምቀት የምትጋብዢኝ እኮ መሰለ። ‹አንተ› በይኝ።»

«በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።»

«በውሉ ላይ እኩያሽ ነኝ። ስደቢኝ ልጄ፤ በጨዋነትሽ ዳኛ ታደርጊናለሽ።»

«አንተ... በሬህን...»

«ጎሽ፣ ቀጥይ!»

«በሬህን እንደ ምላስህ ልቅ አድርገህ ለቀህ ማሳዬን አስጨረስከው!»

«እሰይ!» አለና ቢያድግልኝ ጋቢውን መለስ አድርጎ መንገዱ ሁሉ እስኪዞር ጮኸ። «ሰዎች! ይህችን ስሙልኝ! እሷ የላም ጭራ አይታ የማታውቅ፣ የኔን በሬ ስም ታጠፋለች! የኔ በሬ ሰው ቤት ሳያንኳኳ አይገባም!»

እንዲህ እየተባባሉ ቄራን አልፈው ወደ ሜክሲኮ አቀኑ። በመንገድ ላይ ሦስት ጥንድ እውነተኛ ባላጋራዎች አጋጠሟቸው፤ የተረጋገጠ ጠብ ቀይ ሰም ያለበት ቋጠሮ አንጠልጥለው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ «በሕግ አምላክ! ያልተቋጠረ ሰው የለም?» ይላሉ። ሕዝቡ ስድቡን ጮክ እያደረገ በጎናቸው ያልፋል። አንደኛዋ ሴት ተቆራኝታ ዘጠኝ ወሯ እንደሆነ ለማንም ላልጠየቃት ትናገር ነበር።

«አያሳዝኑም?» አለች እማዋይሽ።

«አትያቸው። ካየሻቸው ዝም ትያለሽ፤ ዝም ካልሽ ይነቃብናል» አለ ቢያድግልኝ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ሲቀራቸው፣ አንዲት ጠብ አረጋጋጭ ከዘራዋን አግድም ዘርግታ አስቆመቻቸው። የደንብ ልብሷ ተተኩሷል። ሥራዋ ሐሰተኛ ጠብ ማጋለጥ ነው፤ በሐሰት ሲጣላ የተገኘ ሰው አንድ ወር ሙሉ መንገድ ዳር ተቀምጦ ለመጣው ሁሉ እንዲዳኝ ይገደዳል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«በሬው ማሳዬን በልቶብኝ» አለች እማዋይሽ።

«ጆሯችሁን ድፈኑ» አለች አረጋጋጯ። ከዚያ መጀመሪያ ወደ እማዋይሽ ጠጋ ብላ «የበሬው መልክ?» አለቻት።

እማዋይሽ ለአንድ አፍታ አሰበች። «ጥቁር።»

አረጋጋጯ ዞራ ቢያድግልኝንም ጠየቀችው።

«ቀይ!» አለ፣ ጆሮውን እንደደፈነ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ።

አረጋጋጯ ፈገግ አለች። ጥሩ ፈገግታ አልነበረም። ከኪሷ ቅጽ ማውጣት ስትጀምር ቢያድግልኝ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«አየሽልኝ እመቤቴ? ይኸው እኮ ነው! ከጠዋት ጀምሮ ‹በሬዬ ቀይ ነው› እላታለሁ፣ ‹ጥቁር ነው› ትለኛለች! ጥቁር ካለች የኔ በሬ አይደለማ! ጠባችን ይኸው ነው!»

አረጋጋጯ ቅጹን ያዝ አድርጋ ሁለቱን ተመለከተች። «የእውነት ተጣልታችኋል ማለት ነው?»

«አንገት ለአንገት!» አለ ቢያድግልኝ።

«ደግ። እውነተኛ ጠብ ካየሁ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል» አለችና ሰማያዊውን ሰም በጥፍሯ ፍቃ በምትኩ ቀይ ሰም አፈሰሰችበት። «እንግዲህ ዳኛ ፈልጉ። ፍርድ እስክታገኙ ድረስ ሁለታችሁም ንብረት መሸጥ፣ መለወጥ፣ መረከብ አትችሉም። መልካም ሙግት።»

እማዋይሽ ሴትዮዋ እስክትርቅ ጠበቀች።

«ምን አደረጉኝ ጋሽ ቢያድግልኝ?»

«ከአንድ ወር ዳኝነት አዳንኩሽ።»

«ቤት ልረከብ ነበር እኮ የምሄደው! መረከብ አትችሉም ስትል አልሰሙም?»

ቢያድግልኝ ጋቢውን አስተካከለ። «ለምን ጥቁር አልሽ? በሬ ሲባል ቀይ ነው የሚባለው። ማንም ቀይ ነው የሚለው።»

«በምን ልወቅ!»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና...»

«ተረት አይተርቱብኝ! ዳኛ እንፈልግ!»

ዳኛ ግን የለም። እማዋይሽ አንዱን ጥንድ «በሕግ አምላክ!» ስትለው ቋጠሮውን አሳያት። ሌላውን ስትጣራ ቋጠሮውን ከማሳየቱም በላይ ባላጋራውን በጥፊ መታው፤ ተመቺው «ይህ በውሉ ውስጥ የለም» ሲል ይሰማ ነበር። ሱቅ በር ላይ፣ ባቡር መውረጃው ላይ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሁሉም ተቋጥሯል፤ ፀጉር አስተካካዩ ራሱ ከሚላጨው ሰው ጋር ተቆራኝቶ በምላጩ ያስፈራራዋል። አንድ ቋጠሮ የሌለው ሽማግሌ አይታ ቢያድግልኝን እየጎተተች ሮጠች፤ ስትደርስ የልብስ ሱቅ አሻንጉሊት ነው።

አምስት ሰዓት ከሩብ።

ከዚያ ጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሰው አዩ። ዱላ ይዟል። ጋቢው በዱላው ላይ ተጣጥፏል፤ ጋቢውን የቋጠረው ማንም አልነበረም። እንየው የሚባል የደጀን ገበሬ ነው። ልጁን ሊጠይቅ ዛሬ ጠዋት ከተማ ገብቶ፣ ልጁ እስክትመጣለት መንገድ ላይ የሚሰዳደበውን ሕዝብ በመደነቅ ያያል።

«በሕግ አምላክ፣ ይዳኙን!» አለች እማዋይሽ እየተንደረደረች። መጠራቱን እንዳይክድ የጋቢውን ጫፍ ያዘችው።

እንየው አልሸሸም። እንዲያውም ደስ አለው። «እንዴታ! የልጅ ልጅ ሳላይ ከተማ ዳኛ አደረገኝ! ቁጭ በሉ። ምን ተባባላችሁ?»

«ቆይ፣ ዋርካው ይምጣ» አለ ሥርዓቱን የሚያውቀው ቢያድግልኝ።

ዋርካው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከላይ እያጉረመረመ ወርዶ አስፋልቱ ላይ ተተከለ፤ ቅርንጫፎቹን ዘረጋ። በግንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ «የችሎት ቃል መቀበል ጀምሯል» አለ። እንየው ተነሥቶ ቅጠሉን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ዋርካ ነው አባቴ፣ ይቀጥሉ» አለች እማዋይሽ።

«ዋርካስ አይደለም። ይሁን፣ ጥላ ጥላ ነው። ተናገሪ።»

ተናገረች። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰች። እንየው ወደ ቢያድግልኝ ዞረ።

«በሬው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሰባት።»

«በቀኝ ነው የሚጠመድ በግራ?»

ቢያድግልኝ በአሥራ ስምንት ዓመት ልምዱ እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። «በቀኝ» አለ ድምፁ ቀጥኖ።

«መቼ ነው ማሳዋ የገባ?»

«አሁን... ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት?» እንየው ከድንጋዩ ተነሣ። «በሰኔ? እርሻው ሰው እየጠበቀ የቀኙን በሬ ለቀኸው? አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?»

«ደክሞት... ትንሽ ይረፍ ብዬ...»

«በሰኔ ይረፍ? በሰኔ እኔ አላርፍ፣ ሚስቴ አታርፍ፣ በሬህ ማነውና ያርፋል!»

ቢያድግልኝ አንገቱን ደፋ። ስንት ሰው የሰደበው፣ ስንቱን የሰደበ ሰው፣ ባልነበረው በሬ ከልቡ አፈረ።

«ማሳሽስ የት ነው?» አላት እንየው።

አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት። እማዋይሽ በአገጯ አጠገባቸው ያለውን ባዶ ቦታ አመለከተች፤ አንድ ጥቁር መኪና ብቻ ቆሞበታል። «እዚያ።»

«ምን ዘርተሽበት ነበር?»

«ጎመን። ይፍረዱልን አባቴ፣ በሞቴ።»

እንየው ወደ ዱላው አየ። ከዚያ እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «በሬው አለ፤ ሁለታችሁም ብላችኋል። ማሳው አለ፤ እሷም ብላለች፣ አንተም አልካድክ። ሁለት ሰው ያመነውን ነገር እኔ ምን ብዬ እክዳለሁ? መልኩን በተመለከተ፣ ቀይ በሬ ሲመሻሽ ጥቁር ይመስላል፤ እሷ ማታ አይታው ነው። በሬው ቀይ ነው። ማሳው የእሷ ነው። አንተ ማሳዋን ታጥርላታለህ፣ በሬህንም ነገ ትጠምዳለህ። ታረቁ። አበቃሁ።»

«የፍርዱ ምክንያት?» አለ ግንዱ።

«በሬ ስለማውቅ» አለ እንየው።

ግንዱ አራት ቅጂ አውጥቶ ቅርንጫፎቹን ሰበሰበና ተነሥቶ ሄደ። ቀይ ሰሙ ከቋጠሮው ላይ ተፈርፍሮ ወደቀ። እማዋይሽ አንዱን ቅጂ ነጥቃ፣ ነጠላዋን አስለቅቃ፣ ሮጠች። እንየውንም ልጁ መጥታ ብቻውን ስላገኘችው ደነገጠችና ወዲያው ከጋቢው ጋር ተቋጥራ፣ እየሰደበችው ወደ ሳር ቤት አቅጣጫ ወሰደችው።

ማስረከቢያው መስኮት ጋ የደረሰችው ለስድስት ሰዓት ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ራሱ ተቀምጧል። ክብ ሆድ ያለው፣ ክራቫቱን በሸሚዙ ቁልፎች መካከል የሚከት ሰው ነው። ስሟን አስገብቶ ጠበቀ።

«አይችሉም» አላት።

«ስምንት ደቂቃ አለኝ።»

«ሰዓቱ አይደለም። ዕጣው ቤትም መሬትም ለሌለው ነው። እርስዎ መሬት አለዎት።»

«እኔ ነኝ መሬት ያለኝ?»

«አራት መቶ ሰማንያ ካሬ ሜትር። የጎመን ማሳ። በፍርድ የጸና...» ኃላፊው ጠጋ ብሎ አነበበ። «ከዘጠኝ ደቂቃ በፊት። ሥርዓቱ ቤቱን ለተጠባባቂ አስተላልፎታል። መልካም ምርት።»

እማዋይሽ መደርደሪያውን ይዛ ቆመች። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተጠበቀ ቤት ለማታውቀው ሰው ሄደ። የወንድሟ ሚስት ዘፈን ትዝ አላት። ከዚያ አንድ ነገር ገባት።

«የት ነው ይላል መሬቱ?»

«ቦታው...» ኃላፊው አቅጣጫውን አነበበ። እንደገና አነበበ። ቀስ ብሎ ዞሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጥቁሩ መኪናው አየ።

«አቶ ልሳነወርቅ» አለች እማዋይሽ፣ «መኪናዎን ከጎመኔ ላይ ያንሱልኝ።»

«የምን ጎመን! ያ የጽሕፈት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ነው! ጎመን የለም እዚያ!»

«በሬ በልቶት ነዋ።»

ኃላፊው ይግባኝ አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ጠብ አረጋጋጯም እውነተኛ ጠብ በአንድ ቀን ሁለቴ በማግኘቷ እየተፍለቀለቀች መጥታ የእማዋይሽን ነጠላ ከክራቫቱ ጋር ቋጠረችው። ቀይ ሰም። ከዚያ ሕጉን አነበበችላቸው፦ በመንገድ ዳኛ ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚሰማው በዚያው መንገድ ከመጀመሪያው ዳኛ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄድ ያልተቋጠረ መንገደኛ ነው። ይግባኙ እስኪሰማ መሬቱ በባለመሬቷ እጅ ይቆያል፤ ይግባኝ ባይም ከእሷ አይለይም። ሲመሽ ቋጠሮው ይላላል፤ ከሃምሳ ክንድ በላይ መራቅ ግን አይቻልም። በሦስተኛ ሰው ፊት «ጠብ የለንም» ያለ ይግባኝ ባይ ይግባኙን እንደተወ ይቆጠራል።

«እኔ?» አለ አቶ ልሳነወርቅ። «እኔ ሕጉን አውቃለሁ። በእኔ አፍ አይወጣም።»

አልወጣም። ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ። በከተማው ያልተቋጠረ መንገደኛ አልተገኘም። እማዋይሽ የውኃ ናሙናዋን ስትመረምር ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ ብልቃጥ ይይዝላታል፤ ወደ ማሳዋ ስትመለስ በክራቫቱ እየተጎተተ ይከተላታል። የሚያውቁት ሰዎች «ሰላም ነህ ልሳነወርቅ?» ሲሉት «ሰላም የለም!» እያለ ይመልሳል። ቢያድግልኝ በፍርዱ መሠረት አጥር ሊሠራ መጥቶ አጠረ። በሬው የት እንዳለ ሲጠየቅ «ተጠምዷል» ይላል።

መኪናው ተነሣ። አስፋልቱ ተነቀለ። ጎመን ግድ ነበር፤ የጎመን ማሳ ተብሎ የተመዘገበ መሬት ጎመን ካልተገኘበት ይወረሳል፣ ከተወረሰም ለሌላ መሥሪያ ቤት ነው የሚሰጠው። አቶ ልሳነወርቅ ይህንን ሲሰማ መኮትኮቻውን ራሱ አነሣ። ለሌላ መሥሪያ ቤት ከሚሄድ መሞት ይሻለዋል። እማዋይሽ በሦስተኛው ቀን ሰልችቷት ብትቀመጥ እሱ መደቡን እየለካ፣ «ይህቺኛዋ ጠጋ ብላለች፣ ትታፈናለች» እያለ ያስተካክል ጀመር።

የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ፣ ጎመኑን ሌሊት ሲጠብቁ፣ እሱ ለአምስት ቀን ከአጥሩ ውጭ በቆመው መኪናው ውስጥ አደረ፤ እሷ አጥሩ ሥር በሸራ። በስድስተኛው ቀን ባለቤቱ ወይዘሮ ስርጉት ምሳ ይዛ መጣች። ልጥፍጥፍ ብሎ የደረቀ ጭቃ ያለበትን ክራቫት አየች፤ በእግሩ አካባቢ ያለውን ውኃ አየች።

«ልሳነወርቅ።»

«አቤት።»

«ለአርባ ሺህ ሰው ቤት ያስረከብክ ሰውዬ አይደለህም?»

«ነኝ።»

«እና መኪና ውስጥ ነው የምትተኛው?»

በማግስቱ ኃላፊው ከመጋዘኑ አንድ ተገጣጣሚ ቤት አዘዘ። የግንባታ ፈቃዱን ጠየቀ፤ ጥያቄውን ተቀበለ፤ መረመረ፤ አጸደቀ፤ ለራሱ «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ቤቱ በአንድ ቀን ቆመ። ሦስት ክፍል ነው። በባለመሬት ግቢ የተሠራ ቤት የባለመሬቱ እንደሆነ ሕጉን የሚያውቀው እሱ አልዘነጋውም፤ ዝናቡ ግን ጣራውን እየደበደበ ሲሰማው መዘንጋት ፈለገ። እማዋይሽ ሁለቱን ክፍል ወሰደች። ከአራት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣራ ሥር፣ ዘፈን በሌለበት ተኛች።

በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ፀሐይ ባለበት ጠዋት፣ ከሳር ቤት በኩል አንድ ሰው መጣ። ብቻውን ነበር። ነጠላም ጋቢም አልለበሰም፤ እጁን ኪሱ ከቶ ያፏጫል። ሥራ ፈትቶ መዞር የጀመረ፣ መንገድም ሕግም የማይፈራ ዓይነት ሰው ነው። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ሁለቱን አየ። ቀዩን ሰምም አየ።

«ተቋጥራችኋል?» አለ። «ዳኛ አጥታችሁ ነው? እኔ ዳኝቼ አላውቅም፤ ግን ጊዜ አለኝ።»

እማዋይሽ ቀና አለች። የሁለት ወር ጎመን፣ አጥር፣ ሁለት ክፍል ቤት በዚህ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው፤ እንየው አይደለ፣ ምን እንደሚፈርድ ማን ያውቃል? በሬ አለ ወይ ብሎ ከጠየቀ አበቃ። አቶ ልሳነወርቅ ግን ጎንበስ እንዳለ ነበር፤ በጎመን ቅጠል ላይ ትል እየፈለገ፣ ከመነጽሩ በላይ ሳያይ።

ሰውዬው ከመንገዱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እነሱ መጣ። መደቡን አላየውም። ጫማው ሁለተኛው መስመር ላይ አረፈ፤ ከዚያም ሦስተኛው ላይ።

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» ጮኸ ኃላፊው ተፈናጥሮ እየተነሣ። «ጎመኑን! ጎመኑን እየረገጥክ እኮ ነው! ውጣ! የምን ዳኛ ነው የምታመጣብን? የምን ጠብ? እኛ ጠብ የለንም! ስምንት ቀን ነው የቀረው ለመድረስ፣ ውጣ ከማሳዋ!»

ሰውዬው አንድ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ከአጥሩ ውጭ የሚያልፉ ሁለት ጥንዶች መሰዳደባቸውን አቁመው ዞሩ።

ቀይ ሰሙ ክራቫቱ ላይ ተሰንጥቆ ጭቃው ውስጥ ወደቀ። አቶ ልሳነወርቅ ወደ ሰሙ አየ፤ ከዚያ ትል በያዘው እጁ አፉን ሸፈነ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ሰውዬው።

«ምንም» አለች እማዋይሽ። ነጠላዋን አራግፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ይግባኙ መተዉን የሚያጸና የምስክር ቅጽ ፍለጋ ወደ ቤቷ መራመድ ጀመረች። «በመደቡ መካከል ና፣ እየተጠነቀቅክ። ስምህን ከነአባትህ ትነግረኛለህ።»